«ምንም ሳያመኝ ለምን ልታከም?»

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን መረጥኩ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

የደብረ ሲናዋ አንባቢ ብልቷን ከውስጥ በሎሚና በሳሙና ብትታጠብ የማህፀን በር ካንሰርን ይከላከል እንደሆነ ትጠይቃለች።

አይከላከልም፤ ይጎዳሻል። ለውጩ ውሃ ይበቃል።

የመሐል ሜዳዋ እናት 38 ዓመቷ ነው። የወሊድ መከላከያ ልትቀይር ጤና ጣቢያ ሄዳ በዚያው የማህፀን በር ምርመራ ተደረገላት። «ነጭ ነገር ታይቷል፣ ዛሬውኑ እናክምሽ አሉኝ። ባለቤቴን ላማክር ብዬ ወጣሁ፤ አምስት ወር ሆነኝ። ምንም ሳያመኝ ለምን ልታከም?»

እህቴ፣ ጊዜው እኮ ሳያም ነው! ነርሷ የቀባችሽ የተበረዘ አቼቶ ነው። አንድ ደቂቃ ጠብቃ በመብራት ታያለች። ጤነኛው ሮዝ እንደሆነ ይቀራል፣ መለወጥ የጀመረው ይነጣል። ቅድመ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ካንሰር ነው ማለት ግን አይደለም። መነሻው ኤችፒቪ የሚባል በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይያዘዋል፤ ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። ስለዚህ ማን አመጣው ተባብላችሁ እንዳትጣሉ። ሳይለቅ ሲቀር ካንሰር ለመሆን ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ኤችአይቪ ካለና ካልታከመ ግን በጣም ይፈጥናል።

ሕክምናውስ? ጫፏ የጋለች ዘንግ ቦታው ላይ ታርፋለች፤ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ማህፀን አይወጣም። የወር አበባ ቁርጠት የመሰለ ስሜት አለው፣ ከዚያ ለጥቂት ሳምንታት ውሃ የመሰለ ፈሳሽ። ለአንድ ወር ያህል ከባል ጋር መተኛት የለም። ቦታው ሰፋ ካለ ወደ ሆስፒታል ይልኩሻል።

ባለቤትሽን አማክሪው፤ ግን ዛሬ ማታ አማክረሽ ነገ ሂጂ። አክስቴን ለጨረር አዲስ አበባ ያመላለስኳት እኔ ነኝ። ተራዋ እስኪደርስ ጋቢዋን ተከናንባ ኮሪደር ላይ ትቀመጥ ነበር። ለእሷ አቼቶ የቀባላት ሰው አልነበረም። አንቺ አግኝተሻል።

ከዓለም ከተማ አንዷ ስለ እናቷ ጽፋለች። 61 ዓመታቸው ነው፤ ካረጡ ከአሥር ዓመት በኋላ ደም አዩ። ጎረቤት «ልጅነታቸው ተመለሰ» ይላል። ጠበል ጀምረዋል።

ልጅነት አልተመለሰም። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ መመርመር አለበት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው። የማህፀን ካንሰርም ግን በዚሁ ይጀምራል፤ በጊዜ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና የመዳን ዕድሉ ትልቅ ነው። የአቼቶው ምርመራ ለእሳቸው አይበቃም። የማህፀን ሐኪም ያያቸው፣ አልትራሳውንድ ይነሱ፣ ከማህፀን ውስጥም ናሙና ይወሰድ። ጠበሉን ይጠመቁ፤ ሆስፒታሉ ግን በዚህ ሳምንት ይሁን። አደራ፣ አንቺው ይዘሻቸው ሂጂ።

የሸዋ ሮቢቱ አባት፦ የኤችፒቪ ክትባት ልጄን ያመክናታል ይባላል፤ እውነት ነው?

አያመክንም። አገራችን ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. የጀመረችው የማህፀን በር ካንሰርን ለመከላከል ነው። ከበሽታው 70 በመቶ ያህሉን የሚያመጡት ሁለት የኤችፒቪ ዓይነቶች፣ 16 እና 18፣ በክትባቱ ውስጥ ተካተዋል። ከ9 እስከ 14 ዓመቷ ባለው ጊዜ ትከተብ። 30 ሲሞላት ምርመራው ያው አይቀርላትም።