«የትም ይዞ መሄጃ» ፈቃድ አለ ወይ? ስለ ጠመንጃ ወረቀት ከጎጃም የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄዎቹ ከምሥራቅና ከምዕራብ ጎጃም፣ ከአዊም የተሰበሰቡ ናቸው። መልሶቹ በዋናነት የቆሙት በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 እና በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ላይ ነው። ስለ ብረቱ የተጠየቀውም አልታለፈም፤ ወረቀቱና ብረቱ ካልተናበቡ ወረቀቱ ዋጋ የለውም።

ጥያቄ (ደምበጫ)፦ ጋሼ፣ አንድ ደላላ «ያልተገደበ ፈቃድ አወጣልሃለሁ፤ ገበያም፣ ከተማም፣ አዲስ አበባም ይዘህ ትገባለህ» ይለኛል። እንዲህ ያለ ፈቃድ አለ?

መልስ፦ የለም፣ ወንድምዓለም። ለግለሰብ የሚሰጥ ፈቃድ ሁሉ የተገደበ ነው። ያንተ ስም ከአንድ ጠመንጃ ቁጥር ጋር ይታሰራል፤ አንተ ሌላ ጠመንጃ ብትይዝ፣ ወይም ያው ጠመንጃ በሌላ ሰው እጅ ቢገኝ ፈቃዱ አይሠራም። ትክክለኛው ወረቀት በኪስህ ቢኖርም እንኳ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ማለትም በስብሰባ፣ በሰልፍ፣ በሕዝብ በዓል ላይ ይዞ መገኘት ክልክል ነው። ደላላው የሚሸጥልህ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ብቻ ነው። ፍተሻ ላይ ስምህ ከመዝገብ ሲታጣ፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ በመያዝ ላይ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገልም ይደረብብሃል። ገንዘቡን የበላው ደላላ ያን ቀን አጠገብህ አይቆምም።

ጥያቄ (ቢቸና)፦ ጠመንጃ እኛ ዘንድ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ምንሽር ለያዘ ሰው አሁን ፈቃድ ምን ያደርግለታል?

መልስ፦ አዋጁ መሣሪያ መያዝ ልማድ የሆነባቸው አካባቢዎች መኖራቸውን ይቀበላል። የሚቀበለው ግን ያዢዎቹ እንዲመዘገቡና ፈቃድ እንዲያወጡ ነው፤ ልማዱ በራሱ ፈቃድ አይሆንም። የብረቱ ማርጀትም ነፃ አያወጣዎትም፤ ምንሽርም ይሁን ውጅግራ፣ ጥይት እስከተኮሰ ድረስ መሣሪያ ነው። መትረየስና የእጅ ቦምብ ለግለሰብ አይፈቀዱም፤ «አብረን እናስመዝግበው» ብለው እንዳይሞክሩት።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ ከየት ልጀምር? ምን ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ መጀመሪያ ባዶ እጅህን ሂድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያልተመዘገበውን ጠመንጃ ተሸክሞ «ላስመዘግብ ነው» እያለ መንገድ ይወጣል። ኬላ ላይ የሚያገኝህ ፖሊስ የሚያየው ፈቃድ የሌለው ሰው መሣሪያ ይዞ ሲሄድ ነው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈህ ወረዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ቅረብ፤ መሣሪያው በየትኛው ቀን፣ በማን አጃቢነት፣ በምን ሁኔታ መምጣት እንዳለበት እዚያው ጠይቅ። ከተቻለ ቀጠሮውን በጽሑፍ ተቀበል።

ከሰነድ፦ የታደሰ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የነዋሪነት የቀበሌ ደብዳቤ፣ ከወንጀል ነፃ መሆንህን የሚያሳይ የአሻራ ማስረጃ፣ የጤና ማስረጃ፣ መሣሪያው ለምን እንዳስፈለገህና ከየት እንደመጣ የሚገልጽ ማመልከቻ አዘጋጅ። የቀበሌውን ደብዳቤ ከመቀበልህ በፊት ሦስት ነገር እይ፦ ቀን፣ የወጪ ቁጥር፣ ማኅተም። አንዱ ከጎደለ መልሰው ይልኩሃል፤ ፍኖተ ሰላም ከተማ ለሚኖር ቀላል ነው፣ ከቆላ ለሚመጣ ግን የአንድ ቀን መንገድ ነው።

የስም አጻጻፍ ነገርም አለ። መታወቂያህ ላይ «ኃይሉ» ተብሎ ማመልከቻህ ላይ «ሀይሉ» ከሆነ፣ ወይም «ፀጋ» እና «ጸጋ» ከተቀላቀሉ፣ ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለመዝገብ ፈላጊ ግን ሁለት ሰው ነው። ሁሉም ወረቀት መታወቂያው ላይ ያለውን ፊደል ይከተል፤ የአያት ስምም አይቅር። ከሁሉም ኮፒ አስቀር። ለከፈልከው ገንዘብ ደረሰኝ ጠይቅ፤ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ የአገልግሎት ክፍያ አይደለም።

ጥያቄ (ደጀን)፦ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ክላሼ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም ተብዬ ተቸገርኩ። የቱ ነው ትክክለኛው ቁጥር?

መልስ፦ ለዚህ ጊዜ ሰጥተን እንየው፤ ፈቃድ ከሚያበላሹት ነገሮች ዋናው ነው።

ጠመንጃውን አራግፈህ ግራ ጎኑን ወደ አንተ አዙር። ካዝናው ከሚገባበት ከፍ ብሎ፣ ወደ አፈሙዙ ጠጋ ያለው ወፍራም ብረት ላይ ጽሑፍ አለ። እዚያ ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ተደባልቆ ይገኛል፦ የፋብሪካ ምልክት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራበት ዓመትና ቁጥሩ። ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀስት ካለ የኢዥቭስክ፣ ኮከብ ከሆነ የቱላ ሥራ ነው፤ ሁለቱም ሩስያ ናቸው። ሦስት ማዕዘን ውስጥ 66 የሚል ካለ የቻይና ነው። መዝጋቢው ቸኩሎ «1974»ን ወይም «66»ን እንደ ቁጥር ይጽፈዋል። እንዲህ ከሆነ ዓመቱን ወይም ፋብሪካውን የሚጋሩ ጠመንጃዎች ሁሉ ባንድ ቁጥር ተመዘገቡ ማለት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ፊደሉ ነው። ብዙ የሶቪየት ክላሾች ከአኃዙ ጋር የሩስያ ፊደል አላቸው፤ ፊደሉ የቁጥሩ አካል ነው። መዝጋቢው ካላወቀው ይዘለዋል ወይም በሚመስለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይተካዋል። ቅርጹን እንዳለ በእጅ እንዲስለው ጠይቅ፤ በስልክ አንስተህ ፎቶውን ከፋይሉ ጋር ማያያዝ ደግሞ የተሻለ ነው።

ሦስተኛው፣ የቁጥሩ መጨረሻ አኃዞች ላይኛው ክዳን ላይና ውስጠኛው ተንቀሳቃሽ ብረት ላይ ተደግመው ሊገኙ ይችላሉ። ጠመንጃው ተጠግኖ ክዳኑ ከሌላ የመጣ ከሆነ ክዳኑ ሌላ ቁጥር ይዟል። የሚመዘገበው ግራ ጎኑ ላይ ያለው የአካሉ ቁጥር ነው፤ የክዳኑ ልዩነት ግን ማስታወሻ ላይ ይግባልህ፤ ኋላ ፈታሽ ክዳኑን ብቻ አይቶ እንዳይጠረጥርህ።

ቁጥሩ በዝገትና በቆሻሻ ከተደፈነ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ጥረገው፤ ሲደርቅ ጠመኔ አሽተህ ትርፉን በጣትህ አንሳ፤ ነጩ ጎድጓዳው ውስጥ ቀርቶ አኃዙ ይነበባል። በሞረድ መፋቅ፣ በምስማር አጉልቶ መጻፍ ግን አይነካ። የተነካካ ቁጥር የተሰረቀ ጠመንጃ ምልክት ተደርጎ ነው የሚታየው። ስሕተቱ የመዝጋቢው ከሆነ ደግሞ በቃል አትመለስ፤ በጽሑፍ ማመልከቻ፣ ከፎቶው ጋር፣ እርማት ጠይቅ።

ጥያቄ (ከዚሁ)፦ የጥይቱ ዓይነት ላይ «7.62» ብለው ጻፉልኝ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። 7.62 የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት መጠሪያ ነው፣ በሚሊ ሜትር። ክላሽና ኤስኬኤስ የሚባለው የሩስያ ጠመንጃ የሚበሉት ቀለሁ 39 ሚሊ ሜትር የሚረዝመውን ነው፤ ጂ3 51ዱን፣ ሞሲን የሚባለው የሩስያ ረጅም ጠመንጃ 54ቱን። ሦስቱም «7.62» ናቸው፣ አንዱም በሌላው ቤት አይገባም። «7.62 በ39» ተብሎ ይጻፍልህ።

ጥያቄ (ሞጣ)፦ አባቴ ዐርፈዋል፤ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ትተዋል። ወንድሜ «የኔ ነው» ብሎ ወስዶታል። ውርስ አይደለም ወይ?

መልስ፦ እግዜር ያጥናሽ፣ እታለም። የአባትሽ ፈቃድ ከአባትሽ ጋር አብሮ ያበቃል፤ እንደ በሬና እንደ ቤት ወራሽ ስላለ ብቻ ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም። ወንድምሽ አሁን በእጁ የያዘው ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ነው፣ የአባታችሁ ወረቀት አብሮት ቢኖርም። ሳይውል ሳያድር መሞታቸውን ለፖሊስ አሳውቁ፤ ጠመንጃው ጉዳዩ እስኪያልቅ እዚያ ይቀመጥ፣ የተረከቡበትን ወረቀትም ያዙ። ከዚያ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥታችሁ ከወራሾቹ አንዱ በራሱ ስም ይጠይቅ፤ የሌሎቹ ስምምነት በጽሑፍ ቢሆን ጠብ ያስቀራል። ሴት ስለሆንሽ መጠየቅ አትችይም የሚል ካለ ከሕግ ያገኘው አይደለም።

ጥያቄ (ቡሬ)፦ የእህል መጋዘን ጠባቂዬ ማታ ማታ የኔን ጠመንጃ ይይዛል። ፈቃዱን ለሱ እሰጠዋለሁ፤ ምን አለበት?

መልስ፦ ሁለታችሁንም ያስከስሳል። አንተ አሳልፈህ በመስጠት፣ እሱ ፈቃድ ሳይኖረው በመያዝ። ለድርጅት ጥበቃ የሚሆን መሣሪያ በድርጅቱ ስም የሚጠየቅበት የራሱ መንገድ አለው፤ በዚያ ግባ።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ አዲስ አበባ ለሥራ ስሄድ ይዤው ብሻገርስ?

መልስ፦ አይሻገሩ። ዓባይን ሲሻገሩ ከክልል ወጥተው ሌላ ክልል ገብተዋል፤ ለመኖሪያ አካባቢዎ የተሰጠ ፈቃድ ጎሃ ጽዮን ላይ መከራከሪያ ሊሆንዎት አይችልም። በአውቶቡስ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ደግሞ እንደ ዝውውር ሊታይ ይችላል፤ የተከለከለ የመሣሪያ ንግድና ዝውውር ከባድ የወንጀል ጉዳይ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲኖርም ነገሩ ሌላ ነው፤ ሐምሌ 2015 በአማራ ክልል እንደታወጀው ያለ አዋጅ በጸና ጊዜ መደበኛው ፈቃድ የሚፈቅደውን አዋጁን የሚያስፈጽመው ዕዝ በትእዛዝ ሊያግደው ይችላል። ከቤት ሳይወጡ ይጠይቁ።

በቀበሌዎ ውስጥ ፈታሽ ካስቆመዎት እጅዎ ከጠመንጃው ይራቅ፤ «መሣሪያ አለኝ፣ ፈቃዱ ደረት ኪሴ ነው» ብለው ቀድመው ይናገሩ። ለማሳየት ብለው እርስዎ አያውርዱት፤ እሱ ያውርደው።

ጥያቄ (አማኑኤል)፦ ሠርግ ላይ አንድ ሁለት ጥይት ወደ ሰማይ ብንተኩስ ማን ይጎዳል?

መልስ፦ ፉከራው ያለ ጥይትም ይደምቃል። የክላሽ ጥይት ዘመም ተደርጎ ከተተኮሰ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ሠርጉ ያለበትን ጎጥ አልፎ ሌላ ጎጥ ያለ ሰው ላይ ይወርዳል። ሰው ከሞተ በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543። ሰው ባይነካም ፈቃዱ ሊነጠቅ ይችላል፤ ሠርግ ራሱ ሕዝብ የተሰበሰበበት ቦታ ነውና መሣሪያው እዚያ መገኘት አልነበረበትም።

ጥያቄ (መርጦ ለማርያም)፦ ሌሊት በረቴን የሚሰብር ሌባ ብመታ ሕጉ ከኔ ጋር ነው?

መልስ፦ የሚጠየቁት ሦስት ነገር ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን የሚቀበለው ጥቃቱ ሕገ ወጥ ሆኖ በእርግጥ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል ሲሆን፣ የወሰዱት እርምጃም ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን ነው። መሣሪያ አውጥቶ የመጣብዎትና ጥጃ ጎትቶ የሚሮጥ አንድ አይደሉም። ጀርባውን ሰጥቶ የሚሸሽን ሰው ከመቱ «ተከላከልኩ» ማለት በጣም ይከብዳል። ልኩን ካለፉ አንቀጽ 79 አለ፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀላል፣ በድንጋጤ ወይም በፍርሃት የተደረገ ከሆነ እስከ መተው ሊደርስ ይችላል። ያ ግን ከተከሰሱና ከተሟገቱ በኋላ ነው። የጭቃ ግድግዳም ጥይት አያቆምም፤ ሌባው ከቆመበት በስተኋላ የጎረቤት ቤት ሊኖር ይችላልና ልብ ይበሉ። ፈቃድ ያለው መሣሪያ መሆኑ ከመያዙ ክስ ያድንዎታል እንጂ የመተኮሱን ጥያቄ አይመልስም።

ጥያቄ (ዳንግላ)፦ ቤት ውስጥ እንዴት ላስቀምጠው? ልጆች አሉ።

መልስ፦ «ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል» ይባላል፤ ባዶ የመሰለው ግን ሰው ይገድላል። ካዝና መንቀል ማራገፍ አይደለም፤ አንዲት ጥይት ጎርሶ ሊሆን ይችላል። አፈሙዙን ወደ መሬት ያዝ፣ ከደጅ ሁን፣ ካዝናውን ንቀል፤ በቀኝ ጎኑ ያለውን መቀየሪያ ወደ ታች አውርድ፤ ማቀባበያውን እስከ ጥግ ስበህ የጎረሰው ከወጣ በኋላ ጥይት የሚጎርስበትን ጉድጓድ በዓይንህ እይ፣ በጣትህ ዳስስ። ከዚያ መቀየሪያውን ወደ ላይ መልስ። ላይኛው ዝግ ነው፣ መካከለኛው ተከታታይ፣ ታችኛው አንድ በአንድ፤ ብዙ ሰው «አንድ ደረጃ ዝቅ ሲል አንድ ጥይት» ይመስለዋል፣ ግን ያ ነው ተከታታዩ። ቅደም ተከተሉን ገልብጠህ ካዝናው ሳይነቀል ከሳብከው ያወጣኸውን አንድ ትተህ ሌላ ታጎርሰዋለህ።

ከዚያ ጠመንጃው በተቆለፈ ሳጥን፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ። ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ካዝናውን ከትራስ ሥር ማድረግ መደበቅ አይባልም፤ ልጅ የአባቱን ትራስ ያውቃል። በክረምት እርጥበት ይዝጋልና በ15 ቀን አንዴ ጥረገው፤ ዘይቱ ስስ ይሁን። ኤስኬኤስ ከሆነ መምቻው መርፌ ቅባት ደርቆበት ወደ ፊት ወጥቶ ከቀረ፣ ምላጭ ሳይነካ ሲያቀባብሉት ሊተኩስ ይችላል።

ጥያቄ (ሉማሜ)፦ ፈቃዴ ጠፋ። እድሳትም «ነገ ና» እየተባልኩ ቀኑ አለፈ።

መልስ፦ ለጠፋው በዚያው ቀን ለፖሊስ አስመዝግብና የተመዘገበበትን ማስረጃ ያዝ፤ ምትክ እስኪሰጥህ ጠመንጃውን ከቤት አታውጣ። ለእድሳቱ የማመልከቻህን ኮፒ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርግ፤ ቀንና ቁጥር ያለው ኮፒ ሳይዘገይ የጠየቅከው አንተ መሆንህን ያሳያል። ከከለከሉህ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቅ። ውሳኔው የፌዴራል ተቋም ከሆነ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ በጽሑፍና በምክንያት እንዲሆን ያዛል። ካልሰጡህ ወደ በላይ አለቃው፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወዳለው የእንባ ጠባቂ ቅርንጫፍ አቤት በል፤ በባዶ ቃል ሳይሆን ቁጥር ያለውን ኮፒ ይዘህ።