ወተቱ በዝቶብዎ ነው፦ የሰማይና የሐይቅ ሰማያዊነት ለተማሪ ሲታይ

አብሽሩ መምህር፤ ሙከራው አልከሸፈም። «ኮምቦልቻ ለ7ኛ ክፍል ልጆች የሰማዩን ቀለም ላሳይ ብዬ በ2 ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ወተት ጨምሬ በስልክ ባትሪ ባበራበት ነጭ ብቻ ሆነብኝ፤ ሰማይ የባሕሩን ቀለም አንጸባርቆ ነው ልበላቸው ወይ?» ብለዋል። እባክዎ እንዳይሏቸው። ደሴ ላይ ምን ባሕር አለና ነው ሰማዩ እንዲያ የሚጠራው?

1ኛ፣ ወተቱ። የትኩስ ወተት የስብ ቅንጣቶች ከብርሃን ሞገድ ስለሚተልቁ ሁሉንም ቀለም እኩል ይበትናሉ፤ እኩል የተበተነ ብርሃን ደግሞ ነጭ ነው። ደመናም የሚነጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ወተቱን አፍልተው ያሳድሩ፣ ስልባቦቱን ገፈው ከሥር ይቅዱ። አሬራም ስቡ ወጥቶለታል ብለው እንዳይጨምሩ፤ የረጋ ስለሆነ ጓል ጓሉ ያው ያነጣዋል። መርፌው በወጣለት ስሪንጅ ለ2 ሊትር 10 ጠብታ፣ ማለትም ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ ጨምረው ያማስሉና ይዩት። ከዚያ አምስት አምስት ጠብታ እየጨመሩ፣ ከ2 ሚሊ ሊትር ሳያልፉ። ዕቃው ጥርት ያለ የመስታወት ይሁን። ሃይላንድ ብዙ ጊዜ ፕላስቲኩ ራሱ ሰማያዊነት አለው፤ ነቃ ያለ ልጅ «ጠርሙሱ ነው እንጂ» ቢልዎ መልስ የለዎትም።

2ኛ፣ መብራቱ። የስልክ ባትሪ ብርሃኑ ሲሠራ ጀምሮ ሰማያዊ ያመዝንበታል፣ ጥልቅ ቀዩ ደግሞ ይጎድለዋል፤ ስለዚህ የምሽቱን ሰማይ ቅላት አያሳይዎትም። አምፖሏ ክር ያላት የድሮ ባትሪ ትሻላለች፣ ከሁሉም የሚበልጠው ፀሐይ ነው። መስኮቱን በካርቶን ዘግተው 2 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ይብሱለት፣ ውጭ አንድ ልጅ በመስታወት ጨረሩን ወደ ውስጥ ይመልስ። ዓይን ጨረሩ ውስጥ በጭራሽ አይግባ፤ ከዕቃው ወዲያ ማዶ ነጭ ወረቀት ያቁሙ። ከጀርባ ጥቁር ጨርቅ ጋርደው ከጎን ሲያዩት ውሃው ሰማያዊ ይላል፤ ወረቀቱ ላይ ያረፈው ብርሃን ግን ቢጫ፣ ጠብታው ሲጨመር ብርቱካንማ ይሆናል። ጥቁሩን ጨርቅ እንዳይረሱት፤ ከእውነተኛው ሰማይ ጀርባም ያለው የሕዋ ጨለማ ነው።

3ኛ፣ ማብራሪያው፤ ልጆች የሚያፋጥጡት እዚህ ነው። የአየር ሞለኪውሎች፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን፣ ከብርሃን ሞገድ እጅግ ያንሳሉ። እንዲህ ሲሆን ብተናው የሞገዱ ርዝመት ባጠረ ቁጥር በአራተኛ ኃይል ይጨምራል፤ ይህን እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በ1871 እ.ኤ.አ. በሒሳብ አሳየ። የሰማያዊ ሞገድ 450፣ የቀይ 700 ናኖ ሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ቢሆን 700 ለ450 ተካፍሎ ወደ አራተኛ ኃይል ሲነሣ 6 ገደማ ይሆናል። ሰማያዊው ከቀዩ ስድስት እጥፍ ይበተናል ማለት ነው። «እንግዲያው ሐምራዊ ለምን አልሆነም?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ከፀሐይ የሚመጣው ሐምራዊ ያነሰ ነው፣ ዓይናችንም ለሱ ደካማ ነው።

አቧራ ነው ሰማዩን የሚያቀልመው የሚለውን ደግሞ ከልጆቹ አእምሮ ይንቀሉት። ክረምቱ አቧራውን ሲያጥበው የመስከረም ሰማይ ይጠራል፤ በበጋ አቧራ ሲነሣ የኮምቦልቻ ሰማይ ይነጣል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሩብ ያህሉ አየር ከበታቿ ቀርቷል፤ ወደ ጦሳ ተራራ ሲወጡ አናት ላይ ያለው ሰማይ የሚጠቁረውም ለዚህ ነው።

ወተት ከሌለ የቡናው ዕጣን ይበቃል። ጢሱ በበሩ በገባ ጨረር ውስጥ፣ ከጀርባው የጠቆረ ግድግዳ ኖሮ ሲታይ ሰማያዊ ነው፤ ያው ጢስ በብርሃን አንጻር ሲታይ ቡናማ ይሆናል። ከሙከራዎቹ ሁሉ ልጆች ቤታቸው ሄደው የሚደግሙት ይህን ነው።

ባሕርና ሐይቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንድ ላይ እንዳይጠቀለሉ። የሰማዩን ምስጢር የፈታው ሬይሊ ራሱ የባሕር ሰማያዊነት የሰማይ ነጸብራቅ ነው ብሎ ነበር። ሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ራማን በ1921 እ.ኤ.አ. በመርከብ ሜዲትራኒያንን ሲያቋርጥ የላዩን ነጸብራቅ በፕሪዝም አጥፍቶ ሲያየው ሰማያዊው እንዳለ ቆየ፤ ቀለሙ የራሱ የውሃው ነው። ውሃ ቀዩን ብርሃን ይውጠዋል፤ ንጹሕ ውሃ ውስጥ 5 ሜትር ከዘለቀ 700 ናኖ ሜትር ብርሃን የሚተርፈው ከ20 እጅ አንዱ ነው፤ ሰማያዊው ግን እምብዛም አይነካም። በባልዲ የማይታየው ጥልቀቱ ስለማይበቃ ነው።

ልጆቹን ሐይቅ እስጢፋኖስ ወደሚገኝበት ሎጎ ሐይቅ ከወሰዷቸው ከዳር ቆመው አሻግረው እንዲያዩ አያድርጉ፤ በዚያ ማዕዘን የሚታየው አብዛኛው የሰማይ ነጸብራቅ ነው፣ ሲደምን ውሃው አመድማ ሆኖ የሚታያቸውም ለዚያ ነው። ከጀልባ ቀጥታ ወደ ታች ሲያዩ የሚንጸባረቀው 2 በመቶ ብቻ ነው፣ እሱንም በጃንጥላ ይጋርዱ። ነጭ የቆርቆሮ ሳህን ከሥሩ ድንጋይ አስረው፣ በየሜትሩ በተቋጠረ ገመድ ቀስ አድርገው ያውርዱ። ሳህኑ በሰማያዊ ፈንታ ወደ አረንጓዴ ቢያደላ አይደንግጡ፤ በሐይቅ ውሃ ያለው አልጌ ሰማያዊውንም ስለሚውጥ ነው። ከዝናብ ማግስት አይሂዱ፣ ጎርፍ ያመጣው አፈር ሁሉን ያደፈርሰዋል።