የማይበላ እንጀራ እንዴት ይሠራል?

እህቴ፣ «ለመሥሪያ ቤታችን ትንሽ ሙዚየም እንጀራ በወጥና ቡርሳሜ (የሲዳማን የቆጮና የቅቤ ምግብ) አቅርቡ ተባልን፤ እውነተኛው በሦስት ቀን ሻገተ፣ በምን እንሥራው?» ላልሽው፣ እዚሁ ሐዋሳ ስሠራ ያየሁትን ልንገርሽ። ረዘም ይላል።

መጀመሪያ፣ «አድርቃችሁ ቫርኒሽ ቀቡት» የሚሉሽን አትስሚ። እኔ ድፎ ዳቦ ላይ አድርጌዋለሁ። አምሮ ቆየና በአራተኛው ወር ከሥሩ ዱቄት ማራገፍ ጀመረ፤ ነቀዝ! በዳቦው ቢያበቃ ጥሩ ነበር፣ አጠገቡ የነበረውን የቆዳ አገልግልም ጀመረው። ሙዚየሞች እውነተኛ ምግብ የሚፈሩት ለሽታው ብቻ አይደለም።

ሰምም ይቅርብሽ። ጃፓናዊው ታኪዞ ኢዋሳኪ እ.ኤ.አ. በ1932 ኦሳካ ላይ ለምግብ ቤቶች የማሳያ ምግብ መሥራት ሲጀምር በሰም ነበር፤ በኋላ ግን ሙያው ወደ ፕላስቲክ ዞረ፣ ሰም ሙቀት አይችልማ። የእኔ የሰም ቅቤ በየካቲት ፀሐይ፣ መስኮት አጠገብ፣ ሻፌታው (ቡርሳሜ የሚቀርብበት ሸክላ) ላይ ተንጋለለ።

አሁን ወደ እንጀራው። ዓይኑን በእጅሽ ልሥራ እንዳትዪ፤ በመርፌም በገለባም ሞክሬ ወንፊት ነው የሆነብኝ። ከራሱ ከእንጀራው አውጪው። ያደረ ይሁን፣ ትኩሱ ላብ አለው። ጣውላ ላይ ዓይኑን ወደ ላይ አድርገሽ ዘርጊና ዙሪያውን አጥሪ። ሁለት ፈሳሽ የሚቀላቀለውን፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚሆነውን የሞልድ (የቅርጽ ማውጫ) ሲልከን መጀመሪያ በብሩሽ ስስ አድርገሽ ዓይኖቹ ውስጥ አስገቢ፣ አረፋውን እፍ እያልሽ አውጪ፣ ከዚያ የቀረውን አፍስሺ። በማግስቱ እንጀራውን ስትልጪ ዓይኖቹ እንደ ብጉር ቆመው ታገኛቸዋለሽ። አንዳንዱ ይበጠሳል፣ ተዪው፤ የእንጀራ ዓይን መቼ እኩል ሆኖ ያውቃል?

ሞልዱ ውስጥ ጀሶ አፍስሼ አንድ ሳምንት ከስሬያለሁ፤ ስስ ስለሆነ ሳወጣው እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰባበረ። አሁን እንጀራውንም በሲልከን ነው የምሞላው። ሲልከን ከሲልከን ጋር ስለሚጣበቅ ሞልዱን ቫዝሊን በስሱ ቀቢ፤ ከበዛ ዓይኑን ይደፍናል። አክሬሊክ ቀለም ከላይ ብትቀቢው እንደ ልጣጭ ይነሳል፣ ስለዚህ ሲልከኑ ሳይደርቅ የዘይት ቀለም አብረሽ አዋህጂ። አንዳንዱ ቀለም ሲልከኑን እንዳይደርቅ ስለሚያደርገው መጀመሪያ በትንሽ ኩባያ ሞክሪ። ነጭ፣ ትንሽ ቡኒ፣ ጠብታ ቢጫ። ነጩን ብቻ ካደረግሽው ስፖንጅ ፍራሽ ነው የሚመስለው።

ወጡ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማብራቱ ላይ ነው። ሁሉንም ቫርኒሽ ይለቀልቁታል። እስቲ ዛሬ ማታ ቀይ ወጥ ቀረብ ብለሽ እዪ፦ ዘይቱ የሚያበራው ጠርዙና ጎድጓዳው ላይ ነው፣ ብቅ ያለው ሥጋ ደብዛዛ ነው። ጥርት ያለ ኢፖክሲ (ሲደርቅ እንደ መስታወት የሚጠነክር ሙጫ) ውስጥ ቀይና ብርቱካንማ በስቴኪኒ ጫፍ ጨምሪና እዚያ እዚያ ብቻ ጣል አድርጊ። ኢፖክሲ በብርሃን ሲቆይ ቢጫ ይላል፤ ለቀይ ወጥ ምንም አይደል፣ ለአይብ ግን አይሆንም። ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ።

ለቡርሳሜው ሻፌታው እውነተኛ ሸክላ ይሁን። የመጀመሪያውን ቆጮ በጀሶ ልስልስ አድርጌ ሠርቼ ጎረቤቴ የሆኑ የሲዳማ እናት ዘንድ ወሰድኩት። አዩት፣ ዞር አድርገው አዩት፣ «ገንፎ ነው እንዴ?» አሉኝ። ተመልሼ ጀሶው ሊጠነክር ሲል በሹካ ፈረፈርኩት፤ ያኔ ነው ዝም ያሉት።

የቀረው የሲልከኑ ዓይነት ነው። የሕንፃ ዕቃ መደብር የሚሸጠው፣ ኮምጣጤ የሚሸተው ርካሽ ሲልከን ሲደርቅ አሲድ ያወጣል፤ በተዘጋ መስታወት ውስጥ አጠገቡ ያለውን የነሐስ አምባር ይበላዋል። ለማጣበቂያም ቢሆን ከተጠቀምሽበት ሳምንታት ውጭ አቆዪው፤ አሽትተሽ ኮምጣጤው ካልጠፋ አታስገቢው።