እንግሊዝኛው ክፍል ውስጥ ነው፤ በሽተኛው የሚያወራው ጣሊያንኛ ነው

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ከዱባይ ደወለችልኝ። ልጇ አዲስ አበባ 12ኛ ክፍልን ጨርሷል፤ ውጤቱም ቆንጆ ነው። «አውሮፓ ውስጥ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ በእንግሊዝኛ፣ በነጻ ሐኪም መሆን ይቻላል አሉኝ። አንቺ እዛው ነሽና እስቲ ንገሪኝ» አለችኝ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚለው እውነት ነው። በነጻ የሚለው ወረቀቱን አሟልቶ ለመጣ ሰው ለእውነት የቀረበ ነው። በእንግሊዝኛ የሚለው ግን ግማሽ እውነት ነው። ብዙ ልጅ የሚወድቀውም እዛችው ግማሿ ላይ ነው።

እኔ የማውቀው ራሴ የሄድኩበትን የጣሊያንን መንገድ ስለሆነ የማወራው ስለ ጣሊያን ነው። ጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግባት የፈለገ ሕክምናን የሚማረው በጀርመንኛ ነው። ሃንጋሪ በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ ዩኒቨርሲቲውም የመንግሥት ነው፤ ግን ለውጭ ተማሪ ክፍያው በዓመት ከ15,000 ዶላር ይበልጣል። «የመንግሥት» ሲባል ርካሽ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ጣሊያንን የሚለያት ክፍያው በቤተሰብ አቅም የሚወሰን መሆኑ ነው።

የእንግሊዝኛው ፕሮግራም በ2009 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፓቪያ ከተማ ላይ ተጀመረ። አሁን ሚላኖ፣ ቦሎኛ፣ ቶሪኖ፣ ፓዶቫ፣ ሮማ፣ ናፖሊ፣ ባሪ፣ መሲና ሁሉም አላቸው። ትምህርቱ ስድስት ዓመት፣ 360 ክሬዲት ነው። መግቢያው አይማት የሚባል አንድ ፈተና ነው። በ2025 የጣሊያንኛው ክፍል መግቢያ ፈተና ቀርቶ በመጀመሪያው ሴሚስተር ማጣሪያ ሲተካ እንግሊዝኛው በአይማት ቀጥሏል። ስለዚህ ጣሊያን ያለ ዘመዳችሁ «ፈተናው ቀረ» ቢላችሁ የሚያወራው ስለ ሌላው ነው።

አይማት 60 ጥያቄ በ100 ደቂቃ ነው። ባዮሎጂ 23፣ ኬሚስትሪ 15፣ ፊዚክስና ሒሳብ 13፤ የቀሩት 9 ንባብ፣ አጠቃላይ እውቀትና ሎጂክ ናቸው። ትክክል ከሆነ 1.5 ነጥብ ታገኛላችሁ። ከተሳሳታችሁ 0.4 ይቀነሳል። ባዶ ከተዋችሁት ዜሮ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ምርጫው አምስት ነው። ዝም ብሎ የገመተ ሰው ከአምስት አንዱን ያገኛል፣ አራቱን ይስታል፤ 1.5 አግኝቶ 1.6 ያጣል፤ ማለትም ይከስራል። አንዷን ምርጫ በእርግጠኝነት መጣል ከቻለ ግን ከአራት አንዱን ያገኛል፤ 1.5 አግኝቶ 1.2 ያጣል፤ ያተርፋል። «ያላወቃችሁትን አትንኩ» የሚለው የድሮ ምክር እንግዲህ እዚህ አይሠራም። አንዷን ከጣላችሁ ገምቱ። የእኛ ልጆች ባዮሎጂውን በቃላቸው ይወጡታል፤ የሚገድላቸው ሰዓቱ ነው። ሰዓት ይዛችሁ ተለማመዱ።

ሰው ብዙ የማያስተውለው ነገር ሰልፉ ሁለት መሆኑ ነው። አንዱ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎችና ጣሊያን ውስጥ በሕጋዊ መኖሪያ ፈቃድ የሚኖሩ የውጭ ዜጎች ሰልፍ ነው። ሌላው ከውጭ የሚያመለክቱ የውጭ ዜጎች ሰልፍ ሲሆን በየዩኒቨርሲቲው ለብቻው የተመደበ ቦታ አለው። የስዊድን ፓስፖርት የያዘ የእኛ ልጅ የመጀመሪያው ሰልፍ ላይ ነው። ከወላጁ ጋር በቤተሰብ ፈቃድ ሮም የሚኖር የኢትዮጵያ ዜጋም እዛው ነው። ከዱባይ፣ ከአዲስ አበባ ወይም አሜሪካ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያመለክተው ሁለተኛው ላይ ነው። የትኛው ሰልፍ ላይ እንዳላችሁ ሳታውቁ የአምናውን ማለፊያ ነጥብ እያያችሁ አትደሰቱ፤ አትደንግጡም። የሌላ ሰው ነጥብ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ ላሉ ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። የሃይስኩል ዲፕሎማ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም፤ ኤፒ የሚባሉት የኮሌጅ ደረጃ ፈተናዎችም ይጠየቃሉ። ይህን 11ኛ ክፍል ላይ ነው ማወቅ ያለባችሁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ ዕንባ የሚፈሰው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ጣጣ ስማችን ነው። ጣሊያኖች «ኮኞሜ» የሚሉትን የቤተሰብ ስም ይፈልጋሉ፤ እኛ ደግሞ የለንም። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም ይገባል፤ የትምህርት ማስረጃው ላይ የአባት ስም ብቻ ይኖራል፤ እናት በራሷ አባት ስም ትጠራለች። እኔ ስመዘገብ ጠረጴዛው ማዶ የነበረችው ሴትዮ የቤተሰቤን ወረቀት ሁለቴ አገላብጣ አየችውና «እነዚህ ሰዎች ይዛመዳሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። አባቴ፣ እናቴና እኔ ሦስታችን ሦስት «ቤተሰብ» ነበርን። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ከአገር ሳትወጡ ነው የሚሠራው። የልደት ሰርተፍኬቱም፣ ትራንስክሪፕቱም፣ ትርጉሙም ስሙን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ በዚያው ፊደል አጻጻፍ ይያዙት። አንዲት ፊደል ብትለይ አንድ ወር ትበላችኋለች። ቀኑንም እዩት። ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ሲመለስ አንድ ሰነድ ላይ 11፣ ሌላው ላይ 12 ሆኖ ይመጣል። ጣሊያን የምትሰጣችሁ የግብር መለያ ቁጥር ደግሞ ከስማችሁና ከልደት ቀናችሁ ነው የሚሠራው። (ለሴት ቀኑ ላይ 40 ይደመራል። እኔ 12 ቀን ነው የተወለድኩት፤ ካርዴ ላይ 52 ነኝ።)

ሁለተኛው የገቢ ወረቀት ነው። የቤተሰቡ አቅም የሚለካበት ስሌት ኢዜኤ ይባላል። በአገር ደረጃ በተቀመጠው ደንብ ከ22,000 ዩሮ በታች ከሆናችሁ የትምህርት ክፍያ አትከፍሉም፤ ከዚያ በላይ ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። ለውጭ ተማሪ አፈጻጸሙ በየዩኒቨርሲቲው ስለሚለያይ «ባንዶ» የሚሉትን የዓመቱን ማስታወቂያ ራሳችሁ አንብቡት። ዩኒቨርሲቲው ያለበት ክልል ለሚሰጠው የትምህርት ዕርዳታ ሲያመለክቱ የእናትም የአባትም ገቢ፣ የባንክ ሂሳብና ቤት ይቆጠራል። ውጭ አገር ያለ ቤት በካሬ ሜትር 500 ዩሮ ተብሎ ነው የሚገመተው። ይህን ስነግራት የአክስቴ ልጅ ዝም አለች። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ተቀጥራ አዲስ አበባ ላይ 150 ካሬ ቤት ሠርታለች፤ የቤቱ ግምት 75,000 ዩሮ ሆነባት። መደበቅ ግን አታስቡ። የቤት ወረቀቱም፣ የደመወዙም፣ የቤተሰብ ሁኔታውም ተተርጉሞ በኤምባሲ መረጋገጥ አለበት። የአይማት ፈተና በ2024ም በ2025ም ሴፕቴምበር 17 ነበር፤ ወረቀቱን መጀመር ያለባችሁ ግን ከፈተናው አስቀድሞ ካለው የገና በዓል በፊት ነው።

ዕርዳታው ሲገኝ መልካም ነው። ገንዘብ፣ መኝታ፣ የካፌ ምግብ አለው። ሆኖም የመጀመሪያው ዓመት ላይ 20 ክሬዲት ይጠይቃል። በጊዜው ካልደረሳችሁ ይቆማል፤ የተበላውም ይመለስ ይባላል። የተማሪ ፈቃድ በሳምንት 20 ሰዓት ሥራ ይፈቅዳል። የመጀመሪያውን ዓመት ግን ሥራ አትንኩ ባይ ነኝ። አገር ቤት ብር ለመላክ ሌሊት ሬስቶራንት ሲሠራ ከርሞ አናቶሚ የወደቀ፣ ከዚያም ዕርዳታውን መልስ የተባለ ልጅ አውቃለሁ። የላከው ከተጠየቀው ያንስ ነበር። የጤና መድኅኑንም አትርሱት፤ ለተማሪ ከ2024 ወዲህ በዓመት 700 ዩሮ ሆኗል።

ስለ ደላላ አጭር ነው የምለው። እኔ ራሴ «ቦታ አስይዝልሻለሁ» ላለኝ ሰው 800 ዶላር ሰጥቻለሁ። ያደረገልኝ ነገር ማንም በነጻ የሚሞላውን የጣሊያን የዩኒቨርሲቲ ሚኒስቴር የኦንላይን ቅጽ መሙላት ብቻ ነበር። ስሜንም አሳስቶ።

እንግዲህ ገባችሁ እንበል። ሁለት ዓመት በእንግሊዝኛ ትማራላችሁ። ፈተናው አብዛኛው የቃል ነው፤ ማለፊያው 18፣ ጣሪያው 30። እኛ መምህር ፊት አንገት ደፍተን፣ ሲጠየቁ ብቻ መልሰን ነው ያደግነው። እዚህ ዝም ያለ ሰው ያላጠና ሰው ነው። የመጀመሪያው አናቶሚ ላይ ፕሮፌሰሩ አንድ አጥንት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «እሺ፣ አውሪኝ» አለኝ። ጥያቄው ይሄው ነበር። እኔ ጥያቄውን እየጠበቅኩ እሱ እኔን ይጠብቃል። ወደቅኩ። ያን አጥንት አሳምሬ አውቀው ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ሆስፒታል ስትገቡ እንግሊዝኛው በሩ ላይ ይቀራል። አንድ ጠዋት አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን ያለ አንድ ሽማግሌ ጠሩኝ። «ዶቶሬሳ፣ ሚ ማንካ ኢል ፊያቶ» አሉኝ። «ሚ ማንኪ» ናፈቅሽኝ ማለት እንደሆነ ከጓደኞቼ ለምጃለሁ። ፊያት ደግሞ የኛው ፊያት ናት፣ ያቺ የአዲስ አበባዋ ሰይቼንቶ። መኪናቸው ናፍቃቸው ነው ብዬ እጃቸውን መታ መታ አድርጌ «በቅርብ ወጥተው ይነዷታል» አልኳቸው። ነርሷ ከኋላዬ ሮጣ መጣችና አልጋውን ከራስጌ ቀና አደረገች፤ ኦክስጅኑንም ጨመረች። «ትንፋሽ አጠረኝ ነው የሚሉሽ!» አለችኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። በሦስተኛው ቀን ሻል ሲላቸው ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁና «እኔ እኮ ቶዮታ ነው የምነዳው» አሉኝ።

የሚገርመው፣ እኛ ከማንም በላይ ዕድል አለን። ፋሻ ጣሊያንኛ ነው። ባሬላ ጣሊያንኛ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው የሚታሰርለት ጀሶም ጣሊያንኛ ነው። ሳናውቀው የሆስፒታል ቃል ይዘን ነው ያደግነው። የቀረውን ዩኒቨርሲቲው ራሱ በሚሰጠው ኮርስ ወይም መንግሥት ለአዋቂዎች በከፈተው ትምህርት ቤት ትሞሉታላችሁ። ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ። «ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ» አትበሉ፤ እኔ ብዬ ነው ያን ቀን ያፈርኩት። የእኛ ሰዎች አንድ ቤት ተከራይተው ስድስት ዓመት በአማርኛ ሲኖሩ አያለሁ። ሽሮው ደስ ይላል፣ ጣሊያንኛው ግን አይመጣም።

ስትመረቁም ይኸው ቋንቋ ይከተላችኋል። ከ2020 ወዲህ ዲግሪው ራሱ የሥራ ፈቃድ ነው፤ የተለየ የመንግሥት ፈተና የለም። በምትኩ ሦስት ወር የሚመዘን ልምምድ አለ፦ አንድ ወር የውስጥ ደዌ፣ አንድ ወር ቀዶ ሕክምና፣ አንድ ወር የሰፈር ሐኪም ቢሮ። የሰፈር ሐኪም ጋ የሚመጡት አሮጊቶች ናቸው፤ እንግሊዝኛ አይሞክሩም። ስፔሻሊስት ለመሆን ደግሞ 140 ጥያቄ ያለው አገር አቀፍ ፈተና አለ፤ በጣሊያንኛ።

ወደ አሜሪካ እመለሳለሁ የሚል ሰው ዩኤስኤምኤልኢ የሚባሉትን የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናዎች ከመሃል ዓመታት ጀምሮ ያስብ። የመጀመሪያው ደረጃ ከ2022 ወዲህ ማለፍና መውደቅ ብቻ ሆኗል፤ ስለዚህ ክብደቱ ወደ ሁለተኛው ዞሯል። ወደ ሌላ የአውሮፓ አገር ለመሄድ ዲግሪው በኅብረቱ ሕግ በቀጥታ ይታወቃል፤ ሕጉ ግን በመጀመሪያ ለኅብረቱ ዜጎች የተጻፈ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሚሄድበትን አገር ደንብ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ትናንት ማታ የአክስቴ ልጅ ልጅ ቮይስ ላከልኝ። ቅጹን ከፍቶ ቁጭ ብሏል። «አክስቴ፣ ኮኞሜ የሚለው ላይ የአባቴን ስም ነው የአያቴን የምጽፈው?» ይላል። ፓስፖርትህን አውጣና እሱ ላይ ያለውን በየፊደሉ ቅዳው አልኩት።