የምንጣፍ ዳር አቋጨት፦ ዘርፍ ቆርጦ ኦቨርሎክ ስለማድረግ ለጠየቅሽው እህት

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። በሜትር አስቆርጠሽ ሳሎን ያነጠፍሽው ምንጣፍ ዳሩ መፈታት ጀምሯል። ከእናትሽ የደረሰሽ የበግ ጠጉር ስጋጃ ደግሞ ዘርፉ እየተበጠሰ ነው። ልብስ ሰፊው «ዘርፉን ቆርጬ ሁለቱንም በኦቨርሎክ (የልብስ ጠርዝ በሚዘመዝመው መኪና) ልዘምዝማቸው» ብሎሻል፤ ላሠራው ወይ ነው ያልሽው።

ስጋጃውን እንዳታስነኪው። ምንጣፉም ኦቨርሎክ አያድነውም። እዚሁ ጎንደር ሶፋና ምንጣፍ ስጠግን 12 ዓመት ስለሆነኝ ምክንያቱን ልንገርሽ።

የነጠላ ቁጭት አስቢ። ሸማኔው ሠርቶ ሲያወርደው ጫፉ ላይ የሚንጠለጠለው ክር ለጌጥ የተጨመረ አይደለም። ድሩ ራሱ ነው። የሚቋጨውም ማጉ፣ ማለትም ድሩን አቋርጦ የሚሄደው ክር፣ ሾልኮ እንዳይወጣ ነው። በእጅ የተሠራ ስጋጃም እንደዚያው ነው፤ ዘርፉ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ የሚሄደው ድር ነው። እሱን መቁረጥ ማለት የስጋጃውን መያዣ መቁረጥ ነው።

ይህን የተማርኩት የሰው ንብረት አበላሽቼ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት ከአዘዞ ስጋጃ አመጡልኝ። ጥምቀት ደርሶ ነበር፤ እንግዳ ይመጣባቸዋል። የተበጣጠሰውን ዘርፍ እኩል ከርክሜ ዳሩን በጨርቅ ሸፈንኩት። አማረ፤ መርቀውኝ ሄዱ። ክረምቱ ሳይወጣ መልሰው አመጡት። ከጨርቁ ሥር ማጉ ረድፍ በረድፍ ተፈቶ ሦስት ጣት ያህል ባዶ ሆኗል። መልሼ ልቋጨው ብል የምይዘው ክር የለም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ስጋጃሽን ገልብጪው። ሥዕሉ በጀርባውም በኩል በግልጽ ከታየና ዘርፉ ከራሱ ከአካሉ የሚወጣ ከሆነ ድሩ ነው፤ መቀስ አይቅረበው። ዘርፉ ለብቻው ተሠርቶ በስፌት የተለጠፈ ከሆነ ግን ቢነሳም አካሉ አይጎዳም።

ድሩ ከሆነ ሥራው የእጅ ነው። የላላውን ማግ በሹካ ቀስ እያልሽ ወደ ውስጥ ግፊው። ከዚያ ጠንካራ የጥጥ ክር በወፍራም መርፌ አስገቢና የቁልፍ ቤት እንደሚሰፋው አድርገሽ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሂጂ። እያንዳንዱ ስፌት ሦስት አራት የድር ክር ይያዝ፤ ወደ ውስጥም ሁለት ሦስት የማግ ረድፍ ይግባ። በጣም አትሳቢው፤ ከሳብሽው ዳሩ ይሸበሸባል። ክሩን በሰም ብታሺው አይቋጠርብሽም። ድሩ ከሥሩ በተበጠሰበት ቦታ አዲስ ክር ከአሮጌው ጎን ለጎን 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አስገብተሽ አውጪው፤ እሱ ዘርፍ ይሆናል። ነጠላ ስትቋጭ ያደገች ሴት ይህ አያቅታትም።

ስጋጃው ላይ ሙጫ ግን እንዳታስነኪ አደራ! ጠጉሩን ያደርቀዋል፤ በኋላ የሚጠግነው ሰውም መርፌ ማሳለፍ አይችልም።

የስጋጃው ግራና ቀኝ ጎን ዘርፍ የለውም፤ እዚያ ማጉ ዞሮ የሚመለስበት ነው። ከተላጠ በጠጉር ክር እየጠመጠምሽ ሸፍኚው። ቅዳሜ ገበያ ክር ስትገዢ ቀለሙን ፈትኚ፤ ትንሹን ቆርጠሽ በሙቅ ውኃ አርሰሽ ነጭ ጨርቅ ላይ እሺው። ቀይና ጥቁር በተለይ ይለቃል።

ወደ ምንጣፉ ልምጣ። በሜትር የሚቆረጠው አብዛኛው ምንጣፍ ድርና ማግ ሆኖ የተሸመነ አይደለም። ጠጉሩ በመርፌ ጀርባው ላይ ተተክሎ በጎማ ሙጫ የተያዘ ነው። ሲቆረጥ ዳር ያለው ጠጉር ሙጫው ይላቀቅና አንዱ ሌላውን እየሳበ ይወጣል። ኦቨርሎኩ ለልብስ ነው የተሠራው፤ ቀጭን ክር ላዩን ያስረዋል እንጂ ሥሩን አይዘውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታሰረው ሥሩ ነው።

የተላጠውን ክር በእጅሽ አትንቀዪው። ገልብጠሽ ከጀርባ በኩል ቀጥ ያለ እንጨት አስደግፈሽ በካተር አስተካክይው፤ በመቀስ ከላይ ከቆረጥሽ ጠጉሩን ትመለምይዋለሽ። ከዚያ በተቆረጠው አፍ ላይ የጎማ ሙጫ በቀጭኑ ቀቢ። እሱን ካጣሽ እኛ ሶፋ ላይ የምንጠቀምበት ማስቲሽ ይሠራል፤ ሽታው ስለሚያፍንና በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ መስኮት ክፈቺ፣ ከሰልም አጠገብሽ አይኑር። ኮላ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ሲታጠብ ይለቃል። አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ።

ከዚያ ነው የሚለበጠው። 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ የፖሊስተር ወይም የጥጥ ጥብጣብ ግዢ። ምንጣፍሽ 2 በ3 ሜትር ከሆነ ዙሪያው 10 ሜትር ነው፤ ግማሽ ሜትር ጨምሪ። ከዳሩ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ከላይ ይሰፋና ወደ ጀርባ ታጥፎ በእጅ ይያዛል። መጋጠሚያው ማዕዘን ላይ አይዋል፤ ቶሎ የሚላጠው እዚያ ነው። ጥብጣቡ ተወጥሮ ከተሰፋም ምንጣፉ ጫፉን ቀና ያደርጋል፤ ቡና የያዘ ሰው ያደናቅፋል። የቤት ሲንጀር መርፌ ይሰብርብሻል። ቆዳ ወይም ሶፋ የሚሰፋበት መኪና ያለው ሰው ፈልጊ።

ከጥብጣቡ ይልቅ እንደ ሰፌድ ከንፈር በክር የተጠመጠመ ዳር ከፈለግሽ እኔም የምወደው እሱን ነው። ግን ትዕግሥትና ክር ይበላል። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ክር አንድ ሜትር ዳር ለመጠምጠም 500 ዙር ያስፈልጋል። አንዱ ዙር 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚወስድ ለአንድ ሜትር 15 ሜትር፣ ለዙሪያው በሙሉ 150 ሜትር ክር ነው። ክሩን ሁሉንም በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ግዢ፤ በኋላ ስትመለሺ ያው ቀለም ላይገኝ ይችላል።

የስጋጃውን ጀርባና የዘርፉን ሥር በቅርብ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው። ድሩ የት የት እንደተበጠሰ አይቼ ከየት እንደምትጀምሪ እነግርሻለሁ። እስከዚያው ጠቅልለሽ አስቀምጪው እንጂ አትጠፊው፤ በማጠፊያው ይሰበራል።