ቁልፉ ላይ አትዝለሉ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ አልፈታ ስላለ የጎማ ዳዶ፣ ማለትም ብሎኑ ላይ እየተጠመዘዘ ጎማውን ስለሚያስረው ብረት። ክረምት ሲገባ ሁሌም እንዲህ ነው። ጎማ የሚተነፍሰው በዝናብ፣ ዳዶ እምቢ የሚለውም በዝናብ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሀዋሳ መምህርት ነኝ፤ የምነዳው ቪትዝ ነው። ከአዲስ አበባ ስመለስ አዳሚ ቱሉ አካባቢ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) አለኝ፣ ክሪክ አለኝ፣ ከመኪናው ጋር የመጣው ቁልፍም አለኝ። ከአራቱ ዳዶ የተፈታልኝ አንዱ ብቻ ነው። ሁለት ባጃጅ ነጂዎች ሊረዱኝ ቆሙ። አንደኛው ቁልፉ ላይ ወጥቶ ሲዘል ቁልፉ አመለጠውና የዳዶው ጠርዝ ተላጠ። እሱም ቁርጭምጭሚቱን ተመታ። እኔ 52 ኪሎ ነኝ። ለሴት የሚሆን መፍቻ አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ «ለሴት የሚሆን» የምትለዋን እንተዋት። ዳዶ ማን እንደያዘው አያውቅም። የሚያውቀው የቁልፉን ርዝመት ነው።

ትንሽ ሂሳብ እንሥራ፤ አስተማሪ ስለሆንሽ አይሰለችሽም። የቪትዝ ዳዶ መጥበቅ ያለበት በ103 ኒውተን ሜትር ነው። በእኛ ቋንቋ፣ አንድ ሜትር ብረት ዳዶው ላይ ሰክተሽ ጫፉ ላይ 10 ኪሎ ተኩል እንደማንጠልጠል ማለት ነው። ብዙ አይደለም። ግን ጎማሽን መጨረሻ ያሰረው ጎሚስታ በአየር በሚሠራው ማሽን ነው ያሰረው። ያ ማሽን «ጠር» ሲል 300 ኒውተን ሜትር ማለፍ ምኑም አይደለም። አሁን አንቺ 25 ሳንቲ ሜትር በሆነች ቁልፍ 300ውን ልትፈቺ ነው። ጫፏ ላይ 122 ኪሎ ያስፈልግሻል። አንድ ኩንታል ጤፍና 22 ኪሎ ምርቃት! አንቺ ቀርቶ ባጃጅ ነጂውም ያን ያህል አይመዝንም። ለዚህ ነው የዘለለው።

ያንኑ ዳዶ በ75 ሳንቲ ሜትር ብረት ያዢው። 41 ኪሎ ይበቃል። አንቺ ደግሞ 11 ኪሎ ትርፍ አለሽ።

የኔ ልጅ 13 ዓመቷ እያለ የኮሮላ ጎማ ፈታለች። ግቢ ውስጥ፣ በነጠላ ጫማ። ብረቱን ያዝኩላትና በእግሯ ቀስ ብላ ተጫነችው። ዳዶው «ቋ!» ሲል ደንግጣ ብረቱን ለቀቀችው፤ የሰበረችው መስሏት። ያ ድምፅ ነው የሚፈለገው። ደረቅ፣ አጭር፣ እንደ እንጨት ስንጥቅ። ከሰማሽው በኋላ ዳዶው በሁለት ጣት ይሽከረከራል።

ምን ልግዛ ላልሽው፣ ጠንካራ የብረት እጀታና ለዳዶሽ ልክ የሆነ ቡሶላ ግዢ። ቡሶላ የምንለው ዳዶው ላይ የሚጠልቀውን ክብ ራስ ነው። ለቪትዝ 21 ቁጥር ነው። ስትገዢ ውስጡን እዪው፤ ባለ ስድስት ማዕዘን ይሁን። ባለ አሥራ ሁለቱ ቶሎ ይገባል፣ ቶሎ ደግሞ ጠርዝ ይልጣል። በተጨማሪ እጀታው ላይ የሚጠልቅ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ከብረት ሠሪ ዘንድ አስቆርጪ። መኪናው ውስጥ ወንበር ሥር ይገባል። የሚሳብ እጀታ ያለው ዘመናዊ ቁልፍም ገበያ ላይ አለ፤ መጥፎ አይደለም፣ ርካሹ ግን መገጣጠሚያው ላይ ይጎብጣል። መስቀለኛ ቁልፍ ብዙ ሰው ይወዳል። በሁለት እጅ ስለሚያዝ ቡሶላው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። ክንዱ ግን አጭር ነው። ዳዶ ለማዞር ምርጥ ነው፤ እምቢ ያለን ለመስበር ግን እጀታና ቧንቧውን እመርጣለሁ። ከመኪናው ጋር የመጣችውን ቀጭን ቁልፍ ላይ ቧንቧ አትሰኪ፣ ትጣመማለች።

አፈታቱም የራሱ ወግ አለው። ጎማው መሬት እንደነካ ይፈታል፣ ክሪክ ላይ ከወጣ በኋላ አይደለም። የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ በሌላው ጎማ ሥር ታኮ ይግባ፣ ድንጋይም ቢሆን። ቡሶላው እስከ መጨረሻው ጠልቆ ይግባ። እጀታው ወደ ግራ ይተኛ፤ በፈረንጅ ሰዓት ቆጣሪው 9 ላይ እንደሚሆነው። ከዚያ ወደ ታች ነው የምትጫኚው። ወደ ላይ ከሳብሽ ወገብሽ ነው የሚፈታው። የቡሶላውን ራስ አንድ እጅ ይደግፈው፣ እግርሽ የእጀታው ጫፍ ላይ ይረፍ፣ ክብደትሽን ቀስ ብለሽ ስጪው። መዝለል የለም። ዘለሽ ቡሶላው ካመለጠ ጠርዙ ይላጣል፤ አዳሚ ቱሉ ላይ አይተሽዋል።

አሁንም እምቢ ካለ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ትንሽ ግፊው። ዝገት በዚህም በዚያም ሲባል ይሰነጠቃል። የዝገት መፍቻ ዘይት ካለሽ የብሎኑ ጥርስ (ዳዶው የሚጠመዘዝበት መስመር) ላይ ጠብ አድርጊና ሩብ ሰዓት ጠብቂ። ፍሬኑ እንዳይነካው ግን ተጠንቀቂ፤ ዘይት የጠጣ ፍሬን አያቆምም።

ስትመልሺው ግን ቧንቧዋን ደብቂያት። በዚያችው አጭር ቁልፍ፣ በእጅሽ፣ ደህና አድርገሽ። አንዱን፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ እንዲያ እያፈራረቅሽ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳሽ በኋላ እንደገና ሞክሪያቸው። ዳዶ ጥርስ ላይ ግራሶ ቀቢ የሚልሽ ከመጣ እሺ አትበይው። በደረቅ ጥርስ የተለካው 103 በግራሶ ሲሆን ብሎኑን ከልክ በላይ ይስበዋል፤ ውሎ አድሮ ብሎኑ ይበጠሳል።

አንድ ጎሚስታ ወዳጅ አለኝ። ለምን እንዲህ ታጠብቃለህ ስለው፣ «ጋሼ፣ ቢላላ እኔ ነኝ የምከሰሰው። ቢጠብቅ ማን ይከሰኛል?» አለኝ። ሐቁን ነው። እንግዲህ ቀጣይ ጊዜ ማሽኑ ጠር ሲል አጠገቡ ቁሚና «በእጅ ጨርስልኝ» በይው። ይስቅብሻል። ይሳቅ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበትክ። ደሴ ነኝ፣ የአይሱዙ ረዳት። መኪናው አሮጌ ኤን ፒ አር ነው። በሁለት ወር ውስጥ በግራ በኩል ሦስት ብሎን ተቆረጠብን። አለቃዬ ሶማሌ ተራ ያያትን በእጅ የምትዞር የዳዶ መፍቻ ማሽን ልግዛ ይላል። ትሠራለች ወይስ ብር መጣል ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከማሽኗ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። በግራ በኩል ያሉትን ብሎኖች ጫፍ በጨርቅ ጠርገህ አይተህ ታውቃለህ? አንዲት የእንግሊዝኛ «ኤል» ፊደል ተቀርጻ ካገኘህ ነገሩ አለቀ። ግራ ጥርስ ነው። የሚፈታው ሌላው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው። በቀኝ በኩል ያሉት ላይ ደግሞ «አር» ታገኛለህ። የድሮ የጃፓን ጭነት መኪና እንዲህ ነው የተሠራው፤ በግራ በኩል ያለው ዳዶ ጎማው ወደፊት ሲሽከረከር እንዳይላላ ተብሎ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ሐርቡ ላይ ነው፤ በ1991 ዓ.ም.። ያኔ እንዳንተ ረዳት ነበርኩ። የግራ የኋላ ውጭኛው ጎማ ፈነዳ። ሐርቡን ታውቃታለህ፣ ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ እንደ ምጣድ ነው። ሹፌሬ ሁለት ሜትር ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰካ። እኔ ተንጠለጠልኩበት። አልተፈታም። እሱም መጣና ሁለታችንም ተንጠለጠልን። ብሎኑ እንደ ጥይት ጮኸና ተበጠሰ። በጀርባዬ አስፋልቱ ላይ ወደቅኩ፤ ክርኔ ላይ ያለው ጠባሳ እስከዛሬ አለ። ቀጠልን! ሁለተኛውንም ቆረጥን። ከዚያ አንድ ተሳቢ የሚነዳ ሽማግሌ ቆመ። ወረደ። ሰላም እንኳ አላለንም። ቁልፉን ተቀበለና ሦስተኛው ዳዶ ላይ ሰክቶ ወደ ሌላው አቅጣጫ ገፋው። «ቋ» አለ። እጁን በሱሪው ጠረገና «ስታጠብቁት ነው የዋላችሁት» ብሎ ሄደ። ሹፌሬ ከሚሴ እስክንደርስ አልተናገረም።

ስለዚህ ሦስቱን ብሎን የቆረጣችሁት እናንተው እንዳትሆኑ እፈራለሁ። ፊደሏን አይተህ ቀኝ ጥርስ ሆኖ ካገኘኸው ደግሞ ጥፋቱ ሌላ ነው። ምናልባት ዳዶዎቹ ላልተው ነው የሚነዱት፤ የላላ ጎማ ብሎንን እየመታ ያደክመዋል። መቼም ሦስት ከተቆረጡ የቀሩትም ደክመዋል፤ የዚያን ሞዞ፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበትን ክፍል፣ ብሎን በሙሉ ቀይሩ።

አሁን ወደ ማሽኗ። ትሠራለች። ሆዷ ውስጥ ጥርስ ለጥርስ የሚነካኩ ትናንሽ ማርሾች አሉ። ብዙዎቹ 1 ለ58 ናቸው፤ አንተ መዘወሪያዋን 58 ጊዜ ታዞራለህ፣ ዳዶው አንዴ ይዞራል። የምትለፋው በጊዜ ነው፣ ጉልበቱን እሷ ታመጣለች። 600 ኒውተን ሜትር የጠበቀ የከባድ መኪና ዳዶ በአንድ እጅ ሲፈታ ሳይ እኔም መጀመሪያ አላመንኩም። ዲቾቶ ላይ ነበር፤ አንድ ልጅ ሲጋራውን ሳይጥል አሥሩንም ዳዶ ፈታ። እኛ ስንት ዓመት ቱቦ ላይ ተንጠልጥለናል!

ግን ጠባይዋን እወቅ። ከጎኗ የምትወጣ እግር አለቻት፤ ያቺ እግር አጠገቡ ያለው ዳዶ ላይ ትደገፋለች። እስክትደገፍ ድረስ ማሽኗ ራሷ ትዞራለች። ጣትህ በእግሯና በዳዶው መሃል ከገባ ጣት የለህም፤ ይህን ለማስፈራራት አይደለም የምጽፈው። መዘወሪያዋን በእጅ ብቻ አዙር። የአየር ማሽን የሰካባት ሰው ማርሾቿን ፈጭቶ «የቻይና ዕቃ ነው» ብሎ ይሳደባል። ለማጥበቅም አትጠቀምባት፤ ስንት እንዳጠበቅክ እጅህ አይነግርህም። እና እሷም ግራ ጥርስን አታውቅም። በተሳሳተ አቅጣጫ ካዞርካት ብሎኑን ያለ ላብ ትቆርጥልሃለች።

ስትገዙ የሚሆናችሁን ቡሶላ እዩ። የናንተ መኪና የኋላ ጎማ ድርብ ነው። የውጩን የሚይዘው ዳዶ 41 ቁጥር ነው፣ ውስጡ ያለው ደግሞ ባለ አራት ማዕዘን 21። ሁለቱም ሳጥኑ ውስጥ ከሌሉ አትግዙ። ሌላ የማይነገር ነገር ልጨምርልህ፦ የውስጡን ጎማ ሳትፈታ ማጥበቅ ከፈለግክ፣ የውጩን ዳዶ መጀመሪያ ማላላት አለብህ። አንዱን አላልተህ፣ የውስጡን አጥብቀህ፣ የውጩን መልሰህ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ብዙ ሰው የውጩን ብቻ እያጠበቀ የውስጡ ላልቶ ይነዳል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ። ከዱባይ የመጣ ያገለገለ መኪና ገዛሁ። በየጎማው ላይ አንድ ዳዶ ክብ ነው፣ ምንም ቁልፍ አይዘውም። ጎሚስታው «በእሳት ልፍታው» ይላል። ልፍቀድለት?

መልስ፦ አትፍቀድ! አየር ያለው ጎማ አጠገብ እሳት አይለኮስም፤ ጎማው እንደ ቦምብ ይፈነዳል።

ያ የሌባ መከላከያ ዳዶ ነው። የራሱ መፍቻ አለው፤ የአውራ ጣት የምታክል፣ ውስጧ አበባ መሳይ ቅርጽ ያላት ብረት። ስኮርታው ሥር፣ የክሪኩ ከረጢት ውስጥ፣ ኪስ መሳቢያው ውስጥ ፈልግ። የአመድ ማስቀመጫ ውስጥ ያገኘ ሰውም አውቃለሁ። ከጠፋች ጎሚስታው ከዳዶው ትንሽ የምትጠብ ቡሶላ በመዶሻ ይትከልበትና በረጅም ብረት ይፍታው። ዳዶው ይሞታል፣ ስለዚህ አራት ተራ ዳዶ አስቀድመህ ግዛ። ከሌሎቹ አንዱን ፈትተህ ናሙና ይዘህ ሂድ፤ ጥርሱ ብቻ ሳይሆን ቸርኬው ላይ የሚያርፈው ፊቱም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ሾጣጣውን በጠፍጣፋው ቦታ ካሰርከው አይይዝም። ለቡሶላውም አሮጌ ፈልግ፤ አንዳንዴ ከዳዶው ጋር ተጣብቆ ይቀራል።