ጥያቄና መልስ፦ የሜዳ ባዛር ሲተከልና ሲፈርስ

የእንቁጣጣሽ ባዛር ተከላ ስለተቃረበ «ጋሽ ካስማ» ዛሬ ምሽት ጥያቄ ለመቀበል ፈቅደዋል። ድንኳን፣ መድረክና የማስታወቂያ ግድግዳ በማቆም ሥራ ላይ የኖሩ ሰው መሆናቸውን ነባር አባላት ታውቃላችሁ።

ጋሽ ካስማ፦ እንደምን አመሻችሁ። ስለ ኪራይ ዋጋ አትጠይቁኝ። ስትጠይቁ ደግሞ ስፋቱን፣ ቁመቱን፣ መሬቱ አፈር ይሁን አስፋልት ጻፉልኝ።

አዲስ ፎርማን፦ ጋሼ፣ ለድንኳን ስንት ኪሎ ክብደት ይበቃል?

ጋሽ ካስማ፦ የቱ ድንኳን? አሁን ምን አልኩ?

አዲስ ፎርማን፦ ይቅርታ ጋሼ። ሦስት በሦስት፣ ተጣጣፊ፣ አስፋልት ላይ።

ጋሽ ካስማ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ጣሪያው 9 ካሬ ሜትር ነው። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከሥር ገብቶ ቢያነሣው፣ በአዲስ አበባ ስስ አየር እንኳ፣ 100 ኪሎ ገደማ ወደ ላይ ይገፋዋል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በየእግሩ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ማሰር ተለምዷል፤ ድምሩ 80 ኪሎ ነው፣ አይበቃም። በየእግሩ ሁለት አድርግ፤ ውኃ ሞልተህ፣ ከእግሩ ግርጌ አጥብቀህ አስረህ። አጠገቡ እንዲሁ የተቀመጠ ጄሪካን ምንም አይዝም። ከላይ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ደግሞ ሰው ይመታል። የአምራቹ መመሪያ ካለህ የእኔን ተውና እሱን ተከተል። ስታፈርስ ክብደቱ መጨረሻ ላይ ይነሣል።

የባዛር ነጋዴዋ፦ ነፋሱን በምን እናውቃለን? መለኪያ የለን።

ጋሽ ካስማ፦ በዓይንሽ፣ እህቴ። ትንንሽ ዛፎች መወዛወዝ ሲጀምሩ ነፋሱ 30 ኪሎ ሜትር አልፏል፤ ከዚያ በኋላ መሰላል ላይ ሰው አይወጣም። ትልልቅ ቅርንጫፎች ሲንቀሳቀሱና ጃንጥላ መያዝ ሲያስቸግር ከ40 በላይ ነው፤ የጎን ሸራ ይወርዳል፣ ሰው ከድንኳኑ ይወጣል። ዛፉ በሙሉ ሲናወጥ ካየሽ ዕቃሽን ተይው።

ድንኳን አከራይ፦ እኛ የምንተክለው አፈር ላይ ነው። ካስማ እያለ ጄሪካን ለምን?

ጋሽ ካስማ፦ የእንቁጣጣሽ ባዛር የሚተከለው መቼ ነው? በነሐሴ። መሬቱ ከሰኔ ጀምሮ ሲጠጣ ከርሟል። በተለይ ጥቁሩ ዋልካ አፈር በበጋ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ካስማ አላስገባ የሚለው፣ በክረምት ያንኑ ካስማ በሁለት ጣት ያስነቅላል። ረጅም ካስማ ያዝ፤ ራሱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርገህ ምታው፤ ጠዋት ጠዋት እየዞርክ በእግርህ ሞክረው። የላላ ካለ አጠገቡ ሌላ ምታ እንጂ ያንኑ መልሰህ አትምታ፤ ጉድጓዱ ሰፍቷል። ጣሪያውንም ዝናብ ሳይመጣ ወጥረው። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቦታ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውኃ ከተኛ 400 ኪሎ ነው። ያንን ከሥሩ ቆሞ በመጥረጊያ እንጨት የሚገፋ ሰው አይቼ እጮኻለሁ።

ብረት ሠሪው፦ ከዚህ ሁሉ የባሰው በባሕር ዛፍ መወጣጫ የሚሠሩት ናቸው። ይህ ነገር መከልከል አለበት።

ድንኳን አከራይ፦ ከተማው ሁሉ የተገነባው በባሕር ዛፍ መወጣጫ ነው። አንተ ብረት ስለምትሸጥ ነው።

ብረት ሠሪው፦ የምናገረው ስለ ሰው ሕይወት ነው። ሚስማሩ የላላ እንጨት ላይ ልጅህን ታወጣለህ?

ድንኳን አከራይ፦ ብሎኑ ያልጠበቀ ብረት ላይስ?

ጋሽ ካስማ፦ ሁለታችሁም ሌላ ቦታ ተከራከሩ። ለሁለት ቀን ባዛር የራሱ እግር ያለው የብረት መወጣጫ ተከራዩ። የተነቀለ እንጨት ላይ የቀረ ሚስማር እዚያው ይነቀል ወይም ይታጠፍ። ቀጥሎ።

የማስታወቂያ ድርጅት ሠራተኛ፦ ስድስት ሜትር በሦስት ሜትር ባነር የሚሸከም የብረት ግድግዳ እናቆማለን። ባነሩን በጨረቃ ቅርጽ እየቀደድን ነፋስ እናሳልፋለን። ይበቃል?

ጋሽ ካስማ፦ አይበቃም። የሚያሳልፈው የቀዳዳውን ስፋት ያህል ብቻ ነው፤ ነፋስ እንዲያሳልፍ ከፈለጋችሁ እንደ መረብ የተሠራውን ሸራ አሳትሙ። አሁን አስሉ። 18 ካሬ ሜትር ሸራ በዚያው በ54 ኪሎ ሜትር ነፋስ 190 ኪሎ ገደማ ይገፋል፤ ግፊቱም የሚያርፈው በቁመቱ መሐል፣ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ነው። ድጋፉ ወደ ኋላ አንድ ሜትር ተኩል ከተዘረጋ፣ የብረቱን ክብደት ሳንቆጥር፣ በድጋፉ ጫፍ 190 ኪሎ ያስፈልጋል። ቦታ ጠበበን ብላችሁ ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ካሳጠራችሁት 380 ይሆናል። ይህም አፋፍ ላይ ለመቆም ብቻ ነው፤ እኔ ግማሹን እጨምርበታለሁ።

አሁን የማይታሰበውን ልንገራችሁ። ይህ ሁሉ ከኋላ ለሚመጣ ነፋስ ነው። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ግድግዳው የሚገለበጠው በድጋፉ ጫፍ ላይ ዞሮ ነው፤ እዚያ የቆለላችሁት ብሎኬት ያኔ ምንም አይረዳም። የሚይዘው ከግድግዳው ግርጌ ያለው ክብደት ነው። ስለዚህ ከሁለቱም በኩል ይጫናል። ስታፈርሱ መጀመሪያ ባነሩ ይወርዳል፣ ክብደቱ መጨረሻ ላይ ይነሣል።

ቀን ሠራተኛ፦ ጓንትና ጫማ ማን ነው የሚገዛው? እኛን ራሳችሁ አምጡ ይሉናል።

ጋሽ ካስማ፦ አሠሪው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 92። አጠቃቀሙንም የማሳየት ግዴታ አለበት።

ቀን ሠራተኛ፦ አመሰግናለሁ። ኢንሹራንስስ?

ጋሽ ካስማ፦ የኢንሹራንስ ሰው ጠይቅ።

እንግዳ፦ ለድንኳን ስንት ኪሎ ያስፈልጋል?

ጋሽ ካስማ፦ ከላይ አንብብ።

ቡና አፍይዋ፦ ዝናብ ሲዘንብ የኤሌክትሪክ ገመዱ ውኃ ውስጥ ይተኛል። ብሬከር ስላለው ችግር የለውም ተባልን።

ጋሽ ካስማ፦ ኤሌክትሪሲያኑ ይመልስልሽ፤ የእሱ ሙያ ነው።

ኤሌክትሪሲያኑ፦ ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ሰው የሚገድለው መጠን ለእሱ ከቁጥር አይገባም። 220 ቮልት ሜዳ ላይ ስትዘረጉ በ30 ሚሊአምፔር መፍሰስ የሚቆርጠው ዓይነት መግጠም ግድ ነው። መገጣጠሚያዎቹ ከመሬት ከፍ ይበሉ። የተጠቀለለ ማራዘሚያም ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፤ ተጠቅልሎ ምድጃ ከተሸከመ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል።

ድንኳን አከራይ፦ ያ ዕቃ በዝናብ ጊዜ በየደቂቃው ይቆርጣል። ነጋዴው ይጮህብናል።

ኤሌክትሪሲያኑ፦ የሚቆርጠው ስለሚፈስ ነው።

ጋሽ ካስማ፦ ትክክል። ጀነሬተሩንም ከድንኳን አርቁት፤ ጭሱ በጎን ሸራ ከተዘጋ ቦታ ከገባ ሽታው ሳይታወቅ ይመርዛል።

አዲስ ፎርማን፦ ጋሼ፣ ስለ ማፍረስ ብዙ ይናገራሉ። ከመትከል በምን ይብሳል?

ጋሽ ካስማ፦ ይህን ስጠብቅ ነው ያመሸሁት። ተከላ በቀን፣ ቀስ ተብሎ፣ አለቃ ቆሞ ነው። ማፍረስ ግን በመዝጊያው ሌሊት ነው። ከባድ መኪና ቀን ከተማ ውስጥ እንደልቡ ስለማይገባ ሁሉም ነገር ሌሊት ይከማቻል። ነጋዴው ሸቀጡን ይጭናል፣ ሹፌሩ ወደ ኋላ ይነዳል፣ ድንኳኑን ሲተክል ያልነበረ ቀን ሠራተኛ በቢላ ገመድ ይቆርጣል። የትኛውን ገመድ? ለመኪናው የሚቀርበውን! አምፖሉም ውድ ነውና ቀድሞ ተፈትቶ ካርቶን ይገባል፤ ቀሪው ሥራ በስልክ ባትሪ ነው።

ቅደም ተከተሉን ያዝ። ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ በመሞከሪያ ይረጋገጣል፤ ለሥራው ብቻ የሚያበራ መብራት ግን ከድንኳኖቹ ውጭ በራሱ ምሰሶ ይቆማል። ቀጥሎ ነፋስ የሚይዙት የጎን ሸራዎች ይወርዳሉ። ከዚያ አምፖልና ስፒከር፣ ከዚያ ጣሪያ፣ ከዚያ ብረት። የሚይዘው ገመድና ክብደት መጨረሻ። የተከለው ሰው ቆሞ ያፍርሰው። ነጎድጓድ ከሰማህ ሁሉንም አቁም፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቅ።

ብረት ሠሪው፦ ሠላሳ ደቂቃ? ባለቤቱ በሰዓት ነው የሚያስከፍለን።

ጋሽ ካስማ፦ ውል ስትፈርም አስገባው።

የባዛር ነጋዴዋ፦ በመዝጊያው ማታ መኪናዬን እስከ ድንኳኔ ማስገባት እችላለሁ? ዕቃዬ ብርጭቆ ነው።

ጋሽ ካስማ፦ አትችዪም። በእጅ ጋሪ አውጪው። ብረቱ መሬት ወርዶ እስኪሰበሰብ መኪና ከአጥሩ ውጭ ይቆማል፤ ሲገባም ከኋላው የሚመራው አንድ ሰው ይቁም፣ ሹፌሩ ያንን ሰው በመስታወቱ ካላየው ፍሬን ይያዝ።